ሾላ በድፍን
የዛፍና የነፍሳት መደጋገፍ በአንድ መሐንዲስ ዐይን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





የጉባኤው አዘጋጆች በዚህ መድረክ ላይ ስለ መንገድና ስለ ድልድይ ሳይሆን፣ ዕፀዋትና እንስሳት በሕይወት ለመኖር እንዴት እርስ በርሳቸው እንደሚደጋገፉ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ነበር። እኔ የዕፀዋት ሊቅ አይደለሁም፤ ዕውቀቴም ከሲሚንቶ፣ ከብረትና ከአፈር ምርመራ ብዙ የሚያልፍ አይደለም። ነገር ግን ከነደፍኋቸው ሥራዎች በአንዱ ላይ የፈጸምሁት ስሕተት ከዚሁ ጉዳይ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ስሕተቱን ለራሴ ብቻ ይዤ ከመቈየት ይልቅ በሙያ ባልደረቦቼ ፊት መግለጡ የሚሻል መሆኑን ስላመንሁ ጥሪውን ተቀበልሁ።

«ሾላ በድፍን» የሚለውን አነጋገር የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። አንድን ነገር ሳይገልጡ፣ ሳይመረምሩ፣ እንዳለ መቀበልን የሚያመለክት ነው። የሾላን ፍሬ ሰንጥቆ የተመለከተ ሰው በውስጡ የሚርመሰመሱትን ደቃቅ ነፍሳት አይቶ ሊጸየፈው ይችላልና፣ መብላት የፈለገ በድፍኑ ይብላው ማለት ነው። እኔም በልጅነቴ እንዲሁ አድርጌ በልቻለሁ። እነዚያ ነፍሳት ፍሬውን ያበላሹት ትሎች ይመስሉኝ ነበር። ፍሬው ራሱ ያለ እነርሱ የማይበስል መሆኑን ያወቅሁት መሐንዲስ ከሆንሁ በኋላ፣ ያውም ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ጥቂት እንደ ቈየሁ፣ ከሰሜን ሸዋ ደጋ ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው ቆላ ውስጥ የአንድ ገጠር መንገድ ንድፍ እንዳዘጋጅ ተመደብሁ። የመንገዱ ጠቃሚነት አከራካሪ አልነበረም። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ቀበሌዎቹ ከገበያና ከጤና ጣቢያ ይቈረጡ ነበር፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ወንዝ ዳር ደርሳ ውሃው እስኪጐድል የምትጠብቅበት ጊዜ እንደ ነበረ የአካባቢው ሰዎች አጫውተውናል። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው መንገዱ ባይሠራ ይሻል ነበር ከሚል አስተያየት የመነጨ እንዳይመስላችሁ። መንገዱ መሠራት ነበረበት።

ድልድዩ በሚያርፍበት ቦታ፣ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ፣ ዘጠኝ የሾላ ዛፎች ነበሩ። በአንዳንድ አገር ይህንኑ ዛፍ ባምባ ይሉታል፤ ሾላ የሚለውንም ስም ለሌላው ዘመዱ ይሰጡታል። የሳይንስ ስሙ ፊከስ ሲኮሞረስ ሲሆን ከዋርካ ጋር የአንድ ወገን ነው። በቀያሾቻችን መዝገብ ላይ ግን ዛፎቹ የሰፈሩት ከድንጋይ ክምርና ከአሮጌ አጥር ጋር «መሰናክል» በሚል ርእስ ሥር ነበር፤ የተጻፈላቸውም ቦታቸውና የግንዳቸው ውፍረት ብቻ ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ እንዲደረግ የሚያዘው አዋጅ ቍጥር 299/1995 በዚያን ጊዜም ይሠራበት ነበር፤ ሰነዱም ተዘጋጅቷል፤ ይሁን እንጂ ስለ ዛፎቹ የሚለው «ጥቂት ዛፎች ይነሣሉ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ያንን ዐረፍተ ነገር አንብቤ ፈርሜ ያሳለፍሁት እኔ ነኝ።

ዛፎቹ ሊቈረጡ ምልክት በተደረገባቸው ዕለት ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ድንኳናችን መጡ። ታላቅየው «ልጄ፣ መንገዱን እንፈልገዋለን፤ ግን ሁሉንም አትጨርሱብን» አሉኝ። ልመናቸው ልቤን ስለ ነካው የመንገዱን መሐል መስመር አራት ሜትር አዛውሬ ከሁሉ ትልቁን ዛፍ አስተረፍሁላቸው። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። ስምንቱ ወደቁ። የተረፈውን ዛፍ በሙያ ሕይወቴ ከሠራኋቸው በጎ ሥራዎች እንደ አንዱ ስለምቈጥረው ፎቶግራፉን በቢሮዬ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ኖሬአለሁ።

ከሰባት ዓመት በኋላ ድልድዩን ለመመርመር በግንቦት ወር ወደዚያው ተመለስሁ። ድልድዩ ደኅና ነበር። ዛፉም ቆሟል፤ ከጥላው ሥር አንዲት እናት ቡና አፍልተው ለመንገደኛ ይሸጣሉ። ተቀምጬ ቡና ጠጣሁና «እማማ፣ ይህን ዛፍ ያስተረፍሁት እኮ እኔ ነኝ» ብዬ በኩራት አጫወትኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ ዛፏን ትታችሁልን ፍሬዋን ይዛችሁብን ሄዳችኋል» አሉኝ።

ቃላቸውን ሲያብራሩልኝ፣ ዛፉ ዛሬም ፍሬ ይይዛል፤ ነገር ግን ፍሬው ሳይወፍርና ሳይቀላ እየደረቀ ይረግፋል። ቀድሞ በበጋ፣ ሌላው ዛፍ ሁሉ ባዶ በሚሆንበት ወራት፣ ዘጠኙ ሾላዎች በየተራቸው ያፈሩ ነበር። ርግቡና ጦጣው ከላይ፣ ፍየሉና ከብቱ ከወደቀው፣ ልጆች ደግሞ ከሁለቱም ይበሉ ነበር። አሁን ጦጣው ከዛፉ ወርዶ በበቆሎውና በቲማቲሙ ማሳ ላይ ሰፍሯል፤ ልጆችም ከትምህርት ቀርተው ጦጣ ሲያባርሩ ይውላሉ። ከመሬት ዐሥራ ሁለት ፍሬ ለቅሜ በሰንጢ ሰነጠቅሁ። በአንዱም ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አላገኘሁም። ሾላን በድፍን እየበላ ላደገ ሰው እንዲህ ያለ ንጹሕ ፍሬ ማየት ደስ ሊያሰኘው ይገባ ነበር።

ፍሬዎቹን በወረቀት ጠቅልዬ አዲስ አበባ ላለ አንድ ወዳጄ ወሰድሁለት፤ የዕፀዋት ሳይንስ መምህር ነው። ከዚህ ቀጥሎ የማቀርበውን የተማርሁት ከእርሱና እርሱ ካስነበበኝ ጥናቶች ነው።

ሾላ አበባ የለውም ሲባል እንሰማለን። እውነቱ አበባው በውስጥ መሆኑ ነው። ፍሬ የምንለው ነገር ወደ ውስጥ የተገለበጠ የአበባ እቅፍ ሲሆን፣ በመቶዎች፣ ብዙ ጊዜም በሺዎች የሚቈጠሩ ደቃቅ አበቦች በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ተደርድረዋል። ከውጭ የሚያስገባው በፍሬው ጫፍ ያለች፣ በተደራረቡ ደቃቅ ቅጠሎች የተደፈነች አንዲት ቀዳዳ ብቻ ናት። ንብ አትገባባትም፤ ነፋስም የአበባ ብናኝ አያደርስባትም። የምትገባባት ርዝመቷ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል የሆነች አንዲት ተርብ ናት፤ በሳይንስ ስሟ ሴራቶሶለን አራቢከስ ትባላለች። ቀዳዳይቱ እጅግ ጠባብ ከመሆኗ የተነሣ ተርቧ እየታገለች ስትገባ ክንፎቿ ተቈርጠው ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ የትም አትበርርም፤ ሞቷም እዚያው ነው።

ታዲያ ወደ መቃብሯ ይዛ የምትገባው ምንድን ነው? ያዕቆብ ጋሊል የተባለ እስራኤላዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ከሥራ ባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በምሥራቅ አፍሪካ የሚገኙትን ሾላዎች አጥንቶ ነበር። ከጥናቱ እንደ ተረዳነው ተርቧ እንደ ቢራቢሮ ሳታውቀው በአካሏ ላይ የተነሰነሰ ብናኝ ይዛ የምትዞር ፍጥረት አይደለችም። በደረቷ ላይ ሁለት ደቃቅ ኪሶች አሏት። ከተወለደችበት ፍሬ ከመውጣቷ በፊት በእግሮቿ ብናኙን እየሰበሰበች ኪሶቿን ትሞላለች፤ አዲሱ ፍሬ ውስጥ ስትደርስም እንቍላሏን በምትጥልበት ጊዜ ብናኙን ከኪሷ እያወጣች በአበቦቹ ላይ ታደርጋለች። አጫጭር አንገት ባላቸው አበቦች ውስጥ እንቍላል ትጥላለች፤ አንገታቸው የረዘመው ግን እንቍላል መጣያዋ ስለማይደርስባቸው ዘር ይሆናሉ። በዚህ ዓይነት ዛፉ ከአበቦቹ ከፊሉን ለተርቧ ልጆች ምግብና ማደሪያ ሲከፍል፣ ተርቧ ደግሞ የቀረውን ለዘር ታበቃለታለች። የገባችበት ፍሬ እየወፈረ ይሄዳል፤ ተርብ ያልገባበትን ፍሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዛፉ ራሱ ያረግፈዋል። ዐሥራ ሁለቱ ንጹሓን ፍሬዎቼ እነዚህ ነበሩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጆቹ ይፈለፈላሉ። በመጀመሪያ የሚወጡት ወንዶቹ ናቸው። ክንፍ የላቸውም፤ የብርሃንንም ዓለም አያውቁትም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሥራቸው ሁለት ነው፤ ገና ከማደሪያቸው ያልወጡትን ሴቶች ያገናኛሉ፤ ቀጥሎም ተባብረው የፍሬውን ግድግዳ በመንጋጋቸው ቦርቡረው መውጫ ያበጃሉ። ከዚያ ይሞታሉ። (የዋሻ ቍፋሮ ለሚሠሩ ባልደረቦቻችን ይህን ሳነሣ ደስ እያለኝ ነው።) ሴቶቹ ኪሶቻቸውን ሞልተው በዚያ ቀዳዳ ይወጣሉ። ከዚህ በኋላ የሚኖራቸው ዕድሜ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን አይበልጥም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ገና ያልበሰለ፣ ለመግባት የተዘጋጀ ፍሬ ያለበት ሌላ ሾላ ማግኘት አለባቸው።

የእኔ ስሕተት የተቀመጠው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሾላ ላይ ያለው ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ በአንድነት ይደርሳል። ተርቦቹ በሚወጡበት ጊዜ እናት ዛፋቸው ላይ የሚገቡበት ለጋ ፍሬ አይጠብቃቸውም። ስለዚህ ሌላ ዛፍ ያስፈልጋል፤ እርሱም ደግሞ ፍሬው ከዚህኛው ጋር አብሮ የደረሰ ሳይሆን ሌላ ፈረቃ የያዘ መሆን አለበት። ሾላ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያፈራውና ዛፍ ከዛፍ ጊዜው የሚለያየው ለዚህ ነው። እማማ «በየተራቸው» ያሉት ቃል የሳይንሱ ሁሉ ቍልፍ ነበር። ወራቱን በሙሉ ፈረቃው ሳይቋረጥ እንዲተላለፍ ብዙ ዛፎች ያስፈልጋሉ። በመካከሉ ጥቂት ሳምንት ክፍት ቢሆን፣ ሁለት ቀን የምትኖር ተርብ ቈይታ የምትጠብቅበት መንገድ የላትም። በንድፌ ላይ «የተጠበቀ ዛፍ» ብዬ በአረንጓዴ ቀለም ያከበብሁት፣ ተረካቢም አስረካቢም የሌለው አንድ ብቸኛ ሠራተኛ ነበር።

ይህ ስምምነት የትናንት አይደለም። በእንግሊዝ አገር ዋይት በተባለችው ደሴት የተገኙትንና 34 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸውን የተርብ ቅሪቶች እ.ኤ.አ. በ2010 ያጠኑ ሊቃውንት፣ የብናኙ ኪስ ሳይቀር ከዛሬዎቹ ጋር የሚመሳሰሉ መሆናቸውን አስታውቀዋል።

በዚህ ቦታ አንድ መሐንዲስ ሊያነሣ የሚገባውን ጥያቄ እኔም ለወዳጄ አንሥቼለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በናሚብያ በረሃ፣ በኡጋብ ወንዝ ዳርቻ ያሉትን ሾላዎች ይመለከታል። ተመራማሪዎቹ የችግኞቹን ዝርያ በላቦራቶሪ መርምረው፣ ይህችው ሁለት ሚሊ ሜትር ተርብ በነፋስ እየተረዳች ብናኝን እስከ 160 ኪሎ ሜትር እንደምታደርስ አረጋግጠዋል። እንዲህ ከሆነ የእኔን ብቸኛ ዛፍ ለምን አልደረሱለትም? ወዳጄ በአንድ ቀን ከተለቀመ ዐሥራ ሁለት ፍሬ ይህን ያህል ፍርድ መስጠት እንደማይገባ ከገሠጸኝ በኋላ፣ «በዚያ አካባቢ ከዛፉ መቈረጥ ሌላ የተለወጠ ነገር አለ ወይ?» ሲል ጠየቀኝ።

ነበር እንጂ። መንገዱ ሲገባ መኪና ገባ፤ መኪናው የውሃ መሳቢያ ሞተር አመጣ፤ በሞተሩ ሽንኩርትና ቲማቲም ተተከለ። ከወንዙ በታች የነበሩት ሾላዎችም ለአትክልት ቦታ ተመነጠሩ። ከዚህም ጋር የጸረ ተባይ መርጫ በየጀርባው ታዘለ፤ ያውም ያለ ጓንትና ያለ መሸፈኛ። የተርቧን ዘር ያሳጣው የእኔ መጋዝ ይሁን ወይም የገበሬው መድኃኒት፣ ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም። ምናልባት ሁለቱም ይሆናሉ። ሁለቱም ግን የመጡት በዚያው መንገድ ላይ ነው። ስለ ትራፊክ ብዛትና ስለ ጐርፍ መጠን የሃያ ዓመት ትንበያ ሠርቼ ነበር፤ መንገዱ በግራና በቀኙ ስለሚያመጣው የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ግን አንድ ገጽ እንኳ አልጻፍሁም።

ሌላም የምናዘዘው አለኝ፤ ትንሽ ቢመስልም ከጉዳዩ ዳር የሚቀር አይደለም። በግንባታው ጊዜ ካምፓችን በትልቁ ዛፍ ሥር ስለ ነበረ፣ ጕንዳን አስቸገረን ብለው ሠራተኞች ሲያመለክቱ በግንዱ ዙሪያ መድኃኒት እንዲነሰነስ አዝዤ ነበር። በደቡብ አፍሪካ የሾላን የቅርብ ዘመድ ፊከስ ሰርን ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙትን ሳነብ ያ ትእዛዝ ትዝ አለኝ። በዛፉ ፍሬ ላይ ጭማቂ የሚመጡ ነፍሳት ይሰፍራሉ። ከእነርሱ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ለመላስ ጕንዳን ይመጣል። ጕንዳኑ በፍሬው ላይ ሲመላለስ፣ ከውጭ ሆነው ረጅም መውጊያቸውን በግድግዳው አሳልፈው የደጋጎቹን ተርቦች ልጆች የሚያጠፉትን ሌሎች ተርቦች ያባርራቸዋል። ጕንዳን በበዛበት ዛፍ ላይ ዘሩም ብናኝ አድራሾቹ ተርቦችም በዝተው ተገኝተዋል። ዛፉን የሚመጠው ተባይ ሳይቀር በመጨረሻው ሒሳብ ለዛፉ የሚከፍለው ነገር አለው ማለት ነው። እኔ እንኳን ይህን ሁሉ ላሰላ፣ ከጕንዳኑና ከዛፉ መካከል ማን የማን እንግዳ እንደ ሆነ አልጠየቅሁም።

ተርቧ ፈጽማ በጠፋችበት አገር ምን ይሆናል? ለዚህ ግምት አያስፈልገንም፤ ዐባይ በሚወርድበት አገር በግብፅና በጎረቤቷ በእስራኤል ለብዙ ሺህ ዓመታት የታየ ነገር ነው። በዚያ ሾላ አለ፤ ዘኬዎስ የወጣበት ዛፍ ይኸው ነው፤ ነቢዩ አሞጽም ኑሮው ከዚህ ዛፍ ፍሬ ጋር የተያያዘ እንደ ነበረ ስለ ራሱ ይናገራል። ብናኝ የምታደርሰው ተርብ ግን በዚያ የለችም። ሲኮፋጋ ሲኮሞሪ የተባለች ሌላ ተርብ ወደ ፍሬው ገብታ እንቍላሏን ትጥላለች፤ ብናኝ ስለማታደርስ ግን ዘር አይገኝም። ስለዚህ በእነዚያ አገሮች ዛፉ የሚራባው ሰው ቅርንጫፍ ቈርጦ ሲተክለው ነው። ፍሬውም በእነዚያ ተርቦች ሳይሞላ እንዲበስል፣ ሰዎች ዛፉ ላይ እየወጡ እያንዳንዱን ለጋ ፍሬ በቢላዋ ጫር ያደርጉት ነበር፤ ከቍስሉ የሚመነጨው ጋዝ በሦስት በአራት ቀን ያበስለዋል። ጫር የተደረጉ ፍሬዎች በግብፅ ጥንታዊ መቃብሮች ውስጥ ተገኝተዋል። አንድ ትልቅ ሾላ ስንት ሺህ ፍሬ እንደሚይዝ የሚያውቅ ሰው የዚያን ሥራ ክብደት ይገምተው። ሰው የተርብን ሥራ ተክቶ ሊሠራ ይችላል፤ ግን ዘሩን አያገኝም፤ ከዛፉም አይወርድም።

ከሙያችን አንጻር ምን እንደማደርግ ልንገራችሁ። ዛሬ በእኔ ኀላፊነት ሥር በሚደረግ ቅየሳ ዛፍ «መሰናክል» በሚለው ርእስ ሥር አይገባም። ለእርሱ የተለየ ሠንጠረዥ አለው፤ የዛፉ ስም በአካባቢው ቋንቋ፣ በየትኛው ወር እንደሚያፈራ፣ ማን እንደሚበላው፣ ከዚህ ዘር ሌላ ዛፍ በምን ያህል ርቀት እንዳለ ይሞላበታል። የሚሞላውም በቢሮ ሳይሆን ከእረኞችና ከእናቶች ጋር በመጠያየቅ ነው፤ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም። አንዳንድ የሥራ ኀላፊዎች ይህን እንደ ቅንጦት ሲቈጥሩት አይቻለሁ። የአፈር ናሙና ለማውጣት አንድ ሳምንት እንሰጣለን፤ ለዚህ ግማሽ ቀን መንፈጋችን ለምን እንደ ሆነ አሳማኝ ምክንያት ያቀረበልኝ እስካሁን የለም። መቈረጥ የግድ ሲሆንም፣ የሚተካው ቅርንጫፍ ከአንድ ዛፍ ብቻ እንዳይወሰድ እናስገድዳለን። ከአንድ እናት የተወሰዱ ቅርንጫፎች ሁሉ አንድ ዓይነት ባሕርይ ይዘው ስለሚያድጉ፣ ፈረቃ ለማቋቋም አይታመኑም።

በዚያ ወንዝ ዳር ባለፈው ዓመት በክረምት መግቢያ ከስድስት የተለያዩ ዛፎች የተቈረጡ ሃያ አራት ቅርንጫፎች ተክለናል። አምስቱን ፍየል በላቸው፤ ሦስቱን ጐርፍ ወሰዳቸው። የቀሩት ዐሥራ ስድስቱ አቈጥቍጠዋል። ለፍሬ እስኪደርሱ ግን ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ትልቁ ዛፍ እስከዚያ ብቻውን መጠበቅ አለበት።

ባለፈው ጥር ችግኞቹን ለማየት ሄጄ፣ እንደ ልማዴ ከትልቁ ዛፍ ሃያ ፍሬ አስወርጄ እማማ ቡና በሚያፈሉበት ሰንጢዬን አወጣሁ። ዐሥራ ሰባቱ ባዶ ነበሩ። ሦስቱ ግን ሲሰነጠቁ ተርመሰመሱ፤ ከየት አገር፣ በምን ነፋስ እንደ መጡ እግዚአብሔር ይወቅ። አንዱን ፍሬ በመዳፌ ይዤ እየሣቅሁ ለእማማ አሳየኋቸው። እርሳቸውም ጐንበስ ብለው ተመለከቱና፣ «ኧረ ልጄ፣ ይኼ ትሉ ነው እንዲህ ደስ ያሰኘህ?» አሉኝ።